ኳስና አካፋ፦ ከናይሮቢ ወጣቶች ታሪክ ጥቂት

ናይሮቢን የረገጠ ወገናችን ሁሉ ኢስሊን ያውቃል። እንጀራ የሚሸጥበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ ከአገር የመጣ ሰው ወሬ የሚጠየቅበት ሰፈር ነው። ከኢስሊ ጫፍ የጁጃን መንገድ ተሻግሮ ወደ ማዶ የወረደ ግን ጥቂት ነው። ከመንገዱ ማዶ መሬቱ ቁልቁል ያዘቀዝቃል፤ ታች ወንዝ ይፈሳል፤ ከወንዙ ግራና ቀኝ የቆርቆሮ ቤቶች ተደጋግፈው ይታያሉ። ማታሬ ይሉታል። ወገኖቻችን ስሙን ሲሰሙ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለዚሁ ስለሚፈራው ሸለቆና ከእርሱ ብዙም ስለማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት ነው።

ርእሱን የመረጥንበት ምክንያት አለን። በዚህ በካኩማ ሦስት ሰው ቡና ላይ ከተቀመጠ ሦስት ነገር ያወራል፤ ስለ ራሽን፣ ሦስተኛ አገር ስለ መሻገር፣ ከዚያም ስለ ወጣቶቹ። የመጨረሻው ወሬ ዘወትር «ምን እናድርግላቸው?» በሚል ቃል ያልቅና ሲኒው ይታጠባል፣ ሰውም ይበተናል። ይህ ጥያቄ ከእኛ በፊት ናይሮቢ ውስጥ ተጠይቋል። መልስም አግኝቷል፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ፣ መልሶቹም አይመሳሰሉም። (ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፈናቸዋል፤ የኬንያ ታሪክ የሚቆጠረው በእርሱ ነውና።)

ነገሩ የሚጀምረው ከአፈሳ ነው። በ1952 የእንግሊዝ ገዥዎች፣ መሬታቸውን የተነጠቁት ኪኩዩዎች ማው ማው በሚባለው እንቅስቃሴ ስለ ተነሡባቸው፣ በኬንያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። ኤፕሪል 24 ቀን 1954 ናይሮቢ በወታደር ተከበበች። ዘመቻውን «አንቪል» አሉት፤ በእኛ ቋንቋ መስፍ ማለት ነው፣ ቀጥቃጭ የጋለ ብረት የሚያስቀምጥበት። ከ20,000 በላይ ሰው ታፍሶ ወደ እስር ካምፖች ተጋዘ። አፈሳ ምን እንደሆነ ለዚህ ወረቀት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ማታሬም የዐመፀኞች መሸሸጊያ ነች ተብላ በዚያ ዘመን ቤቶቿ ፈረሱ። አባት ሲታሰር፣ ጎጆ ሲፈርስ ልጅ ወዴት ይሄዳል? ወደ ጎዳና ነው።

ከታፈሱት መካከል ጢም ያላበቀሉ ልጆችም ነበሩ። ማንያኒ በተባለው ታላቅ የእስር ካምፕ ከአዋቂ ጋር ታጉረው ከቆዩ በኋላ ከሺህ የሚበልጡት ዋሙሙ ወደሚባል የወጣቶች ካምፕ ተለዩ። በዚያ ልጆቹን ከያዙት ሰዎች አንዱ ጄፍሪ ግሪፊን ነበር፤ ኬንያ ተወልዶ ያደገ፣ ገና በሃያዎቹ ያለ እንግሊዛዊ። በዚያው ጦርነት መኮንን ሆኖ ካገለገለ በኋላ በእስረኞች ላይ ያየው ግፍ አንገሽግሾት ውትድርናውን የተወ ሰው ነው።

ዋሙሙን ለማመስገን ግን አንቸኩልም። ልጆቹ እዚያ ፊደልና የእጅ ሙያ ተምረዋል፣ ኳስ ተጫውተዋል። የቅኝ ገዥው መንግሥትም እንግዳ በመጣ ቁጥር ሲያሳየው ኖሯል። በሌሎቹ ካምፖች ሰው በዱላ ይሞት ነበር፤ በማርች 1959 ሆላ በሚባለው ካምፕ 11 እስረኞች ተደብድበው አልቀዋል። አንዱን የሚያምር ካምፕ ለጎብኚ ማሳየት ሌላውን ለመሸፈኛ ያገለግላል። ግብረ ገብ በሽቦ አጥር ውስጥ ሲሰበክ ደግሞ የሚሰማው በግማሽ ጆሮ ነው። ይህን እኛ የካምፕ ሰዎች ከታሪክ ጸሐፊዎች አስበልጠን እናውቀዋለን ብንል ድፍረት አይሆንብንም።

ግሪፊንም ሳይገባው አልቀረም። ኖቬምበር 14 ቀን 1959 ከሁለት ኬንያውያን ጋር፣ ማለትም ከጄፍሪ ጌቱሮና ከጆሴፍ ጊኩቡ ጋር ሆኖ ናይሮቢ ውስጥ ስታሬሄ የልጆች ማእከልን ከፈተ። ጊኩቡ ራሱ በልጅነቱ በማው ማው ምክንያት ታስሮ ያለፈ ነው። አስተውሉ፤ አንዱ ከአሳሪው ወገን፣ ሌላው ከታሳሪው ወገን ነበር። ያላቸው ንብረት ሼልና ቢፒ የተባሉት የነዳጅ ኩባንያዎች የለገሷቸው ሁለት የቆርቆሮ ቤቶች ነበሩ። ከውጭም የእንግሊዙ የሕፃናት አድን ድርጅት ረዳቸው። ልጆቹ ከጎዳና የተሰበሰቡ ነበሩ። ስታሬሄ በስዋሂሊ ምቾት፣ እፎይታ ማለት ነው፤ በቆርቆሮ ቤት ላይ እንዲህ ያለ ስም መለጠፍ ቀልድ የሚመስለው ሰው አይጠፋም።

ቀልድ አልነበረም። ኬንያ በ1963 ነፃ ከወጣች በኋላ ኬንያታ «ሐራምቤ» የሚለውን ቃል የአገር መፈክር አደረጉት። ተሸካሚ ሸክም ሲያነሣ በአንድ ድምፅ የሚጣራበት ቃል ነው፤ የእኛ ደቦና ወንፈል ቢጤ። መንደርተኛው በሐራምቤ ገንዘብ እያዋጣ፣ ድንጋይ እየተሸከመ ትምህርት ቤት አሠራ። ስታሬሄም በዚያ ዘመን እያደገ ሄዶ ከኬንያ ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች አንዱ ሆነ። የድሃው ልጅ በነፃ ይማራል፤ ያለው ቤተሰብ እንደ አቅሙ ይከፍላል። ግሪፊን እስከ ሞተበት እስከ 2005 ድረስ አልተለየውም፤ ከ1964 እስከ 1988 ደግሞ የኬንያን ብሔራዊ የወጣቶች አገልግሎት ደርቦ መርቷል።

እኛ ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የወጣን ሰዎች ስለሆንን ዓይናችን የሚያርፈው ከሕንፃው ይልቅ በአሠራሩ ላይ ነው። በስታሬሄ ሁለት ነገር አገኘን። አንደኛው ባራዛ ይባላል። ተማሪው በየሳምንቱ ተሰብስቦ የፈለገውን፣ ስለ ምግቡም ይሁን ስለ ቅጣቱ፣ ብድግ ብሎ ዳይሬክተሩን ፊት ለፊት ይጠይቃል። እኛ በተማርንበትና ባስተማርንበት አገር ተማሪ እጁን የሚያወጣው ለመመለስ እንጂ ለመጠየቅ አልነበረም፤ ስለዚህ ይህን ስናነብ ሁለት ጊዜ ደገምነው። ሁለተኛው ነፃ አገልግሎት ነው። ልጆቹ በእረፍት ጊዜያቸው ያለ ደመወዝ በሆስፒታልና በመሥሪያ ቤት ይሠራሉ። የተረዳ ልጅ መልሶ ይረዳል ማለት ነው።

ይሁንና ስታሬሄ በር አለው። በር ያለው ነገር ሁሉ የሚገባና ውጭ የሚቀር አለው። ከተመረጡት ልጆች በስተጀርባ ያልተመረጡት በብዙ እጥፍ ነበሩ። ማታሬም ከፈረሰ በኋላ እንደገና ተሠርቶ ነበር፤ ከገጠር የመጣው፣ ከሌላ ሰፈር የተፈናቀለው ሁሉ እዚያው ሸለቆ ወረደ። ቀድሞ ድንጋይ እየተፈለጠ ለናይሮቢ ሕንፃ የወጣበት ቦታ ነው፤ ድንጋዩ ሄዶ ጉድጓዱ ለድሃ ቀረ። የከተማው ቆሻሻ ጫኝ መኪና ወደዚያ አይወርድም። ቆሻሻው ቦዩን ይደፍናል፣ ዝናብ ሲመጣ ውኃው መውጫ አጥቶ ቤት ይገባል፣ ቀጥሎ ትንኝና ተቅማጥ ይመጣል።

በ1987 ቦብ ማንሮ የሚባል ካናዳዊ የአካባቢና የልማት ጉዳይ አማካሪ የማታሬ ልጆች በላስቲክ ከረጢትና በገመድ በተጠቀለለ ኳስ ሲጫወቱ አየ። እኛ በካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን ያደግን ሰዎች ኳሱን ለማወቅ ሥዕል አያስፈልገንም። ልጆቹ የሚፈልጉት እውነተኛ ኳስና ዳኛ ነበር። ሰውየው ኳስ ሰጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ሊሄድ ይችል ነበር፤ ብዙ ሰው እንዲያ ያደርጋል፤ እዚህም አይተናል። ከልጆቹ ጋር የተስማማው ግን በሌላ ውል ነው። እናንተ አንድ ነገር ከሠራችሁ እኔም አንድ ነገር እሠራለሁ፤ እናንተ ካልሠራችሁ እኔም የለሁበትም የሚል ነበር። የማታሬ ወጣቶች ስፖርት ማኅበር በዚህ ተመሠረተ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በየትኛውም የእግር ኳስ ሊግ ነጥብ የሚገኘው በማሸነፍ ነው። በማታሬ ሊግ ግን ቡድኑ ሰፈሩን ካጸዳ ነጥብ ይጨመርለታል፤ አንድ የጽዳት ሥራ ለፈጸመ ቡድን 6 ነጥብ። ቅዳሜና እሑድ ልጆቹ አካፋና የእጅ ጋሪ ይዘው ቦይ ይጠርጋሉ፣ ቆሻሻ ይጭናሉ። ጎል ማግባት የማይሆንለት ቡድን በአካፋው ሠንጠረዡን ይወጣል። ጎበዙ ቡድንም ካልጠረገ ዋንጫው ያመልጠዋል። እስኪ አስቡት፤ ንጽሕና ጥሩ ነው ተብሎ ስብከት አልተሰበከም፤ በግድግዳ ላይ መፈክር አልተጻፈም። ንጽሕናው ሠንጠረዡ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ራሱ ጓደኛውን «ተነሥ፣ አካፋህን ያዝ» ይለዋል።

ዳኝነቱም እንዲሁ ነው። ከአምበሉ በቀር ዳኛውን የሚናገር ተጫዋች የለም። ዳኛ ተጨቃጭቆ ከሜዳ የተባረረ ተጫዋች ወደ ቡድኑ የሚመለሰው የታናናሾቹን ጨዋታዎች ራሱ ከዳኘ በኋላ ነው። ፊሽካውን በአፉ ይዞ፣ ሃያ ሁለት ሕፃናት እየጮኹበት፣ ዳኛ መሆን ምን እንደሆነ ያየዋል። ከዚህ የተሻለ ቅጣት እኛ ባነበብናቸው የትምህርት አሰጣጥ መጻሕፍት ውስጥ አልገጠመንም። ከቢጫና ከቀይ ሌላ አረንጓዴ ካርድም አላቸው፤ በጨዋታው ከሁሉ ይበልጥ ጨዋነት ላሳየ ልጅ ይሰጣል። በነፃ ያገለገለ፣ ታናናሾቹን ያሠለጠነ ልጅ ነጥብ ያጠራቅምና የትምህርት ቤት ክፍያ ይከፈልለታል፤ ገንዘቡም በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይሄዳል። ሥራውን የሚመሩት በየቀበሌው የተመረጡ ወጣቶች ራሳቸው ናቸው፤ ብዙዎቹ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው።

ሴቶቹ የገቡት በ1992 ነው፤ አምስት ዓመት ዘግይተው። ወላጆች ተቃውመው ነበር። ውኃ ማን ይቀዳል? ሕፃን ማን ያዝላል? ለኳስ ሲባል ቤት ባዶ ይሁን? ክርክሩን ማኅበሩ ያሸነፈው በንግግር ብቻ አልነበረም፤ የቤት ሥራቸውን የማይነካ የጨዋታ ሰዓት እየፈለገ፣ ወላጆችን እየለመነ ነው። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም፣ መቀመጫው እዚያው ናይሮቢ ጊጊሪ ነው፣ «ግሎባል 500» የተባለውን ሽልማት ለማታሬ ልጆች ሰጠ። በ1994 ማታሬ ዩናይትድ የሚባል ቡድን ከመካከላቸው ተመሠረተ፤ በ1998ና በ2000 የኬንያን ዋንጫ፣ በ2008 የአገሪቱን ሊግ አሸነፈ። የኖርዌይ ድርጅቶች ለብዙ ዓመታት በገንዘብ ረድተዋል፤ ልጆቹም ኦስሎ ድረስ ሄደው በኖርዌይ ካፕ ተጫውተዋል። ይህን ሁሉ በአጭሩ የምናልፈው ዋንጫ ብዙ ስለማያስተምር ነው።

ከዚህ ይልቅ አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በ1999 የማታሬ ማኅበር ከኔዘርላንድስ የኦሊምፒክ ኮሚቴና ከስደተኞች ጉዳይ ከፍተኛ ኮሚሽን ጋር ሆኖ ይህንኑ አሠራር ወደ ካኩማ አምጥቶት ነበር። አዎን፣ ወደዚህ ወደ እኛው ካኩማ። ከመምጣታችን በፊት ስለሆነ እኛ አላየነውም፤ የቆዩ ሰዎች ግን ያስታውሱት ይሆናል። እንግዲህ አሠራሩ ለዚህ አሸዋ እንግዳ አይደለም።

ሰው ታሪክን ሲያሳምር ይዋሻል ይባላልና ሌላውንም እንናገር። በ2007 መጨረሻ የተደረገው የኬንያ ምርጫ ውጤት ሲያጨቃጭቅ ማታሬ ተቃጠለ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አብረው ኳስ የተጫወቱ ሰፈሮች በጎሣ ተለያይተው ተጋደሉ። በ2024 የኤፕሪል ዝናብ ወንዙ ሞልቶ ሰው ወሰደ፤ ቀጥሎ መንግሥት በወንዙ ዳር ያሉትን ቤቶች አፈረሰ። ስለዚህ ኳስና አካፋ ጎሣን አያጠፋም፣ መንግሥትንም አይተካም። የሚሠራው አነስ ያለ ነገር ነው፤ ቢሆንም ከ1987 ጀምሮ አልተቋረጠም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሁኔታው ሌላ መልክ አለው። በአዲስ አበባ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተቋቋመው ወወክማ ለብዙ ወጣት የስፖርትና የንባብ ቤት ነበር፤ ደርግ ወረሰው፤ ከ1991 በኋላ ነው እንደገና የተነሣው። በ1974 መጨረሻ በታወጀው በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ገቡ። ታላላቆቻችን ሲያወሩት ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፤ ገበሬ ፊደል ቆጥሯል፣ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ነገር ግን ሂዱ የተባሉት በአዋጅ ነበር፤ ያልሄደ ትምህርቱን ያጣል። በ1980 ደግሞ የአብዮታዊ ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ተመሠረተ፤ የወጣቱ ስም ዝርዝር ቀበሌ ገባ። ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣም ወጣቱን የሚያቀርበው ያው ቀበሌ ሆነ። የእኛ አገር ሰው «የወጣቶች ማኅበር» ሲባል እስከ ዛሬ ልጁን የሚደብቀው በከንቱ አይደለም።

እኛ ያስተማርንበት ዘመን ከዚያ ይለያል። የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጽሐፍ 11 እሴቶች ነበሩት፤ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አርበኝነት፣ ኃላፊነት፣ ታታሪነት፣ ቁጠባና ሌሎችም። በየክፍሉ፣ በየዓመቱ ያው አሥራ አንዱ እየሰፋ ይመጣል። ተማሪዎቻችን በቃላቸው ይወጡት ነበር። ፈተና ላይ ስለ ታታሪነት 10 ከ10 ያገኘ ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ለማጥፋት በተራው ሲጠራ አይገኝም። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይመስለንም። ታታሪነቱ ነጥብ ያስገኘለት ወረቀቱ ላይ እንጂ ሰሌዳው ላይ አልነበረም። የማታሬ ልጆች የጻፉት የታታሪነት ድርሰት የለም፤ ነጥቡ ያለው ቦዩ ውስጥ ነው።

ይህ ሁሉ የሚመለከተን በእድራችን ምክንያት ነው። እንደምታውቁት እድሩ ከወጣቶቹ ኮሚቴ ጥያቄ ቀርቦለታል፤ ለወጣቱ ጥቂት ገንዘብ ይውጣለት የሚል። አንድ አባታችን «የእድር ገንዘብ የሬሳ ነው፤ ኳስ ሰው አይቀብርም» አሉ። ሐቅ አላቸው፤ በስደት አገር ሰውን በወግ መቅበር ቀላል ነገር አይደለም፤ ሣጥኑ ገንዘብ ይጠይቃል። አንዲት እናታችን ደግሞ ከኋላ ሆነው «ድንኳኑን የሚተክለው ማን ሆነና ነው? ጉድጓዱንስ የሚቆፍረው?» ብለው መለሱ። ስብሰባው እዚያ ላይ ተቋረጠ።

ሁለቱም ወገን ገንዘቡ ስጦታ እንደሚሆን አድርገው ነው የተከራከሩት። አባቶች ስጦታው እንዳይባክን ፈሩ፤ ወጣቶቹም እንደ ስጦታ ጠየቁት። የማታሬ ውል እንዲህ አይደለም። ወጣቱም እንደ እድርተኛ መዋጮ ይከፍላል፤ መዋጮው ግን በአካፋ ነው። እድሩ በዚህ መንገድ ከገባበት ከመዋቅሩ የወጣ ነገር አይሠራም፤ እድር ዱሮም ቢሆን የሰጠ የሚቀበልበት፣ ያልሰጠ የሚቀጣበት ማኅበር ነው። የውጭ ድርጅት ገንዘብ ከተገኘ አንጠላውም። ድርጅት ግን በጀቱ ሲያልቅ ይሄዳል፤ እድር እዚሁ ነው።

የታራች ወንዝ በጋውን አሸዋ ሆኖ ይከርማል፤ ቱርካና ተራራ ላይ ዘንቦ ሲወርድ ምን እንደሚያደርግ ያየ አይረሳውም። ወደ እርሱ የሚወስዱት ቦዮቻችን በላስቲክና በአሸዋ ተደፍነዋል። ስለዚህ ከጥቂት መምህራን ጋር ሆነን ለእድሩ ዳኛና ለጸሐፊው ያቀረብነው ይህ ነው፦ ስድስት አካፋ፣ ሁለት ባሬላ፣ ሁለት ኳስ። አካፋውና ባሬላው በቅድሚያ ይገዛል፤ ኳሶቹ የመጀመሪያው ቦይ ተጠርጎ ዳኛው ራሳቸው ሄደው ካዩት በኋላ። ሊጉ የወንዶችም የሴቶችም ይሆናል፤ የሴቶቹ ሰዓት ውኃ ከተቀዳ በኋላ ነው፤ ውኃውን ወንድሞቻቸው ቢቀዱ ደግሞ ለወንድሞቻቸው ቡድን ነጥብ እንዲታሰብ ጽፈናል። (ይህችን ማታሬ ውስጥ አላገኘናትም፤ ከእኛ የተጨመረች ናት።) የነጥቡ ደብተር በእኛ በመምህራኑ እጅ አይቀመጥም፤ ወጣቶቹ ከመካከላቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት መርጠው ይይዙታል፤ በየወሩ ለእድሩ ያነብቡታል።

እድሩ በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል። ወረቀቱ የሚገለበጠው በእጅ ስለሆነ ለሁሉ ላይደርስ ይችላል፤ የደረሳችሁ ለጎረቤት አንብቡ። የምትቃወሙት ነገር ካለ በጀርባው ቦታ ትተናል፤ ጻፉበትና ለሚቀጥለው አንባቢ አስተላልፉ።